የእትዬ ጽጌ ሁለት ደቂቃ

እትዬ ጽጌ ኦክላንድን ለቀው ሄዱ። ወሬውን የሰማሁት ሄይዋርድ በምሠራበት መጋዘን፣ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ፎርክሊፍቴን አቁሜ ስልኬን ስከፍት የወላጆች ግሩፕ በመልእክት ተጥለቅልቋል። አንዷ እናት «ኮች ጽጌ ሲያትል ልጃቸው ጋ ጠቅልለው ገቡ» ብላ ጽፋለች፤ ከሥሯ የሚያለቅስ ፊት ያልለጠፈ ወላጅ የለም። ነገሩን ለማያውቅ ሰው እትዬ ጽጌ የሞቱ ነው የሚመስለው። ከሥራ ስወጣ መኪና ውስጥ ሆኜ ደወልኩላቸው። ምን ብዬ እንደማጽናና እንኳ አስቤ ነበር። እሳቸው ግን ሰላምታውን ሳንጨርስ እዚያ ስላገኙት ቤተ ክርስቲያን ነገሩኝ። ጎረምሶች አሉ አሉኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ክፍል ውስጥ ታጉረው አማርኛ ይማራሉ አሉኝ። «ሁሉም ተኝተዋል እኮ። አንድም የነቃ የለም» ሲሉኝ ድምፃቸው ሎተሪ የደረሰው ሰው ድምፅ ነበር።

ስለማይረሳ ሰው የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ሰውየው ካረፈ በኋላ ነው። ይህ ልማድ አይገባኝም። እኔ እሳቸው አንብበው ያጋነንኩትን እንዲቆርጡልኝ አሁን እጽፋለሁ። የዘለልኩትን ግን አይጨምሩልኝም፤ ስለራሳቸው ማውራት ሞታቸው ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ከቴሌግራፍ ጎዳና ገባ ብሎ፣ ቴሜስካል ሰፈር የኛ ሰዎች ምግብ ቤቶች ከተደረደሩበት ብዙም ሳይርቅ፣ በተከራየነው አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነው። ታች አዳራሽ አለ፤ ላይ ደግሞ አንድ ሰፊ ክፍል። የላይኛው ክፍል ቅዳሜ ከሰዓት የታዳጊዎች አማርኛ መማሪያ ነበር። ነበር እላለሁ እንጂ፣ እትዬ ጽጌ ከመምጣታቸው በፊት የነበረው ነገር መማር አይባልም። አስተማሪ ይመጣል፣ ይመክራል፣ ይቆጣል፣ ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል። ልጆቹ ደግሞ ወላጅ ገፍቶ ያመጣቸው ናቸው፤ አማርኛ ይሰማሉ፣ መልሳቸው ግን እንግሊዝኛ ነው። የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጄ ቤተል አንዷ ነበረች። እኔ እዚያ ክፍል የገባሁት በረዳትነት ነው፤ ሥራዬ ስም መጥራት፣ ስልክ በካርቶን መሰብሰብና ውኃ ማቅረብ ነበር። ረዳት ይበሉኝ እንጂ በትክክል ለመናገር የቤተል ዘበኛ ነበርኩ። እኔ በር ላይ ካልተቀመጥኩ እሷ በመስኮትም ቢሆን ትወጣለች።

አዲስ አስተማሪ ተገኘ፣ አገር ቤት ብዙ ዘመን ያስተማሩ እህት ናቸው ተብሎ ሲነገረን ሁላችንም ደስ አለን። እትዬ ጽጌ የመጡት ረጅም ቀሚስ በስፖርት ጫማ አድርገው፣ አንገታቸው ላይ ፊሽካ አንጠልጥለው ነው። አጭር ናቸው፤ ፀጉራቸው ሸብቷል፤ ሲራመዱ ግን አውቶቡስ ሊያመልጠው እንደደረሰ ሰው ነው። ደረጃው ላይ ቀድመውኝ ወጡ። ለመሆኑ ምን ነበር የሚያስተምሩት ብዬ ብጠይቃቸው «ስፖርት» አሉኝ። ፊቴን አይተው መሰለኝ፣ ሳቅ ብለው «አማርኛ የምናገረው አፌን ስለፈታሁበት ነው» ብለው ጨመሩ። በልቤ፣ ጉድ ፈላ፣ አማርኛ ልናስተምር ኳስ ወርዋሪ ቀጠርን አልኩ።

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ሲጀመር የፈራሁት የደረሰ መስሎኝ ነበር። ሰሌዳው ላይ ፊደል ጻፉ፤ ስለ ፊደሉ ተናገሩ። ልጆቹ የሹራባቸውን ቆብ አጥልቀው፣ አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ቀስ በቀስ ወደ ጠረጴዛው ሰመጡ። ያንን መስመጥ የማያውቅ ወላጅ የለም። እትዬ ጽጌ ንግግራቸውን አቁመው ለአፍታ አዩዋቸው። አልተቆጡም። ፊሽካውን አነሱና ነፉት። እኔ ከወንበሬ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ የቀኝ እጃቸውን አውራ ጣት አወጡ፤ የግራ እጃቸውን ትንሿን ጣት አወጡ፤ አሁን ቀይሩ አሉ። ቀኙ ትንሿን፣ ግራው አውራውን ማውጣት አለበት፤ ሁለቱም እኩል። ቀላል ይመስላል፤ ይሞከር። እሳቸው ራሳቸው ሲሞክሩ ሁለቱም እጆች አውራ ጣት አወጡ፤ ጣታቸውን ተቆጡት፣ በሌላው እጃቸው መልሰው አጠፉት፣ እንደገና ተሳሳቱ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ከገዛ ጣታቸው ጋር ሲጣሉ አይቶ ዝም የሚል ጎረምሳ የለም። በመጀመሪያ የሳቀችው ቤተል ናት። ከዚያ ሞከረች። ከዚያ ከጎኗ ያለው ሞከረ። ሳላስበው እኔም ስም መጥሪያውን አስቀምጬ ጣቴን ቀስሬ ነበር። ክፍሉ ሞቅ ሲል፣ ገና ልጆቹ «ዌይት፣ ዌይት፣ አይ ጋት ኢት» እያሉ ሳለ፣ እትዬ ጽጌ አጨበጨቡና በቃ አሉ። ሁለት ደቂቃ ቢሞላ ነው። ወደ ሰሌዳው ዞረው ካቆሙበት ቀጠሉ፤ ሁሉም ዓይን ሰሌዳው ላይ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

ያን ቀን በመኪናዬ ቤታቸው ሳደርሳቸው በጥያቄ አስጨነቅኳቸው። ኮሌጅ የተማሩት ነገር እንዳይመስለኝ ነገሩኝ፤ ፀሐይ ላይ ሜዳ ሙሉ ተማሪ ይዘው ሲውሉ ያገኙት ነው። ጎረምሳ ሰነፍ አይደለም አሉኝ፤ ገላው በአንድ ጊዜ ያደገበት፣ የት እንደሚያስቀምጠው ያልገባው ሰው ነው። ቁጭ ብሎ በቆየ ቁጥር ጭንቅላቱ ይዘጋል፤ ትንፋሽ መስጠት ነው። «ትንፋሽ» ያሉት ያኔ ነው፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ። የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ቤተል፣ በእንግሊዝኛዋ ጣልቃ ገብታ፣ ትምህርት ቤታችንም አለ፣ ብሬን ብሬክ ይባላል፣ ግን ሚስተር እንትና ቪዲዮ ከፍቶልን እሱ ላፕቶፑን ያያል አለች። እትዬ ጽጌ ወደ ኋላ ዞረው «እሱማ ለራሱ ነው ትንፋሽ የወሰደው» አሏት። ልጄ መንገዱን ሁሉ ስትስቅ ሄደች። ልጄ ከአማርኛ ክፍል እየሳቀች ስትመለስ ያ የመጀመሪያው ነው።

ቀስ እያልኩ የነገሩን ምስጢር አጠናሁት። እትዬ ጽጌ መጀመሪያ የሚሳቅባቸው እሳቸው ካልሆኑ ምንም ነገር አያስጀምሩም ነበር። በዚያ ዕድሜ ከሞት በላይ የሚፈራው መሳቂያ መሆን ነው ይላሉ፤ ስለዚህ ሳቁን አስቀድመው ራሳቸው ላይ ያስጨርሱታል። ተሸንፎ የሚወጣበት ጨዋታ አያጫውቱም፤ ወጥቶ ጥግ የቆመ ልጅ እንዳረፈ አይቆጠርም። መነሳት ያልፈለገውን አያስገድዱም፤ እጁን ወንበሩ ላይ ሆኖ ቢያንቀሳቅስ ይበቃቸዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ገና ሲጥም ያቆሙታል። ልጆቹ «ኮች፣ ዋን ሞር፣ ፕሊስ» እያሉ ሲለምኑ ልቤ ይራራል፤ አንድ ጊዜ ይጨምሩላቸው ብዬ ለምኜ ነበር። እጄን መታ አድርገው፣ እኔ ቡና አይደለሁም ሦስተኛ አልደግምም አሉኝ።

ልጆቹ «ኮች» ይሏቸው ጀመር። ለኛ ጆሮ ደፋር ስም ነው፤ ሽማግሌዎቹ እህት ጽጌ፣ እኛ እትዬ ጽጌ እያልን፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ኮች ሲል ያሳፍራል። እሳቸው ግን ስሙን ሲሰሙ ቀና ይሉ ነበር። አንድ ቀን ሌላ አስተማሪ ተሳስቶ «ቲቸር» ቢላቸው፣ ልጆቹ ናቸው ያረሙት።

አሁን ወደ መሬት መንቀጥቀጡ ልምጣ።

ከትንፋሾቹ ሁሉ ልጆቹ ያበዱለት መቁጠር ነበር። ዓይን ይጨፈናል፤ ከመሃል ማንም አንድ ይላል፣ ሌላው ሁለት ይላል፤ ተራ የለም፣ ምልክት የለም። ሁለት ሰው እኩል ከተናገረ ከአንድ ይጀመራል። ሃያ መድረስ ነው ዓላማው፤ በአማርኛ። ለወራት አልደረስንም። አሥራ ሰባት ላይ ስንት ጊዜ ወደቅን። አሥራ ዘጠኝ ደርሰን፣ ክፍሉ ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ሳለ፣ አንድ ደደብ ሳል ሲይዘው «አይ» ብሎ አበላሸው። ደደቡ እኔ ነኝ። ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ ይቅር አላሉኝም፤ ቤተል ራት ላይ እንኳ ውኃ ስታቀብለኝ «ፎር ዩር ከፍ»፣ ለሳልህ፣ ትለኝ ነበር።

አንድ ዝናባማ ቅዳሜ ደረስን። አሥራ ስምንትን ቤተል አለች፤ ድምፅዋን አውቄዋለሁ። አሥራ ዘጠኝን አንዲት ጭራሽ ተናግራ የማታውቅ ልጅ አለች። ዝምታ ሆነ። ከጥግ በኩል የጎረነነ ድምፅ «ሃያ» አለ። ያ ድምፅ የሳሚ ነበር። ሳሚ የአውቶቡስ ሹፌር ልጅ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመቱ፣ ቁመቱ በሩን ያህላል፣ ድምፁ ግን አዋቂ ሰው ባለበት የማይወጣ ልጅ ነበር። ዓይናችንን ስንከፍት ለአንድ አፍታ ማንም አላመነም፤ ከዚያ ክፍሉ ፈነዳ። ይዘላሉ፣ ወለሉን በእግራቸው ይደበድባሉ፣ ሳሚን ተጠምጥመውበታል። እትዬ ጽጌ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እየዘለሉ ነው። እኔም ዘልያለሁ፤ ኪሎዬን ግን አልናገርም።

ታች አዳራሹ ውስጥ የእናቶች ጸሎት ነበር። ጣሪያው ሲንቀጠቀጥ፣ አምፖሉ ሲወዛወዝ ያዩት እናቶች በዚህ አገር የሚታሰበውን አሰቡ። ጸሎቱን የሚመሩት የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ግርማ፣ ተረጋጉ፣ ወደ ውጭ ብለው ሴቶቹን ሁሉ ዝናብ ውስጥ አውጥተው መንገድ ላይ አሰለፏቸው። ጎረቤቶቹ በመስኮት እያዩ፣ እነሱ ነጠላቸውን ተከናንበው ሁለተኛውን መንቀጥቀጥ ሲጠባበቁ ከላይ በመስኮታችን የሚወጣውን ሳቅ ሰሙ። ጋሽ ግርማ ደረጃውን ሲወጡ ሰማኋቸው። በሩ ሲከፈት እጄ ገና አየር ላይ ነበር።

ጋሽ ግርማ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሙሉ ልብስ ካልለበሱ ከቤት አይወጡም፤ የሕንፃው ቁልፍ በእሳቸው እጅ ነው፤ ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ያን ቀን በጣም ዝቅ አለ። በሳምንቱ እትዬ ጽጌን አስጠርተው ሽማግሌዎቹ የወሰኑትን ነገሯቸው። ወላጅ ልጁን የሚልከው እንዲዘል አይደለም፤ ትከሻም ይመታሉ የሚል ወሬ ደርሶናል፤ ስለዚህ የልጆቹ ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት ባለው የመጨረሻ ቅዳሜ እኛው መጥተን እናያለን። ልጆቹ አማርኛ ካነበቡ ክፍሉ ይቀጥላል። ካላነበቡ ክፍሉ ለጎልማሶች ጥናት ይሰጣል፤ ታዳጊዎቹ ከወላጆቻቸው ጋር አዳራሽ ይቀመጣሉ። እትዬ ጽጌ እሺ ብለው ወጡ።

በመኪና ቤታቸው፣ ኤመሪቪል፣ መለስኳቸው። እሳቸው ዝም ሲሉ የኤመሪቪል መንገድ እንዴት እንደሚረዝም ያን ቀን አወቅሁ። ቤታቸው በር ላይ ስንደርስ ነው የተናገሩት። ሰኞ እስከ ዓርብ በርክሌይ አንዲት አሮጊት ይንከባከባሉ፤ ያጥባሉ፣ ያለብሳሉ፣ ይመግባሉ፤ ሴትየዋ ደግ ናት፣ ሥራውም አያስጠላቸውም። «ግን አስተማሪ ነኝ እኮ» አሉኝ። «በሳምንት አንድ ቀን ነው አስተማሪ የምሆነው። እሱን ከወሰዱብኝ ምን እሆናለሁ?» በጣም አዘንኩ፤ ጋሽ ግርማንም በልቤ ሰደብኳቸው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት እንደ እብድ ሠራን። ትንፋሹም አልቀረም፤ ብቻ ጫማ አውልቀን፣ በካልሲያችን፣ በሹክሹክታ ሆነ። ልጆቹ በሹክሹክታ መሳቅ ለመዱ፤ እንደዚያ የሚያስቅ ነገር የለም። ንባቡም ሄደ። ሳሚ ሳይቀር፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከሆነ፣ አንድ ገጽ ሳይቆም ይወጣ ነበር።

ስህተቱን የሠራነው የጉብኝቱ ዋዜማ ነው። እትዬ ጽጌ ደውለው «ነገ ትንፋሽ የለም። አባቶች ፊት ጣት መቀሰር፣ መዝለል አይሆንም። ሥርዓት ይዘን ነው» አሉኝ። እኔም ወዲያው ልክ ነው አልኩ። ሁለታችንም ያደግነው ተቆጣጣሪ ሲመጣ ዝንብ በማይበርበት ክፍል ውስጥ ነው። እንግዳ ሲገባ የቤቱ ጨዋታ ይነሳል፣ የማይመቸው ወንበር ይወጣል፤ በእጃችን ያለውን ጥሩ ነገር ደብቀን የሌለንን እናሳያለን። ያ ያደግንበት ጨዋነት ሊያጠፋን እንደሆነ አንዳችንም አልታየንም።

በማግሥቱ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። ልጆቹ ሸሚዝ ለብሰው፣ ፀጉር ተበጥሮ፣ እነሱ ሲገቡ ብድግ አሉ። ሽማግሌዎቹ ከፊት ተቀመጡ፤ ጋሽ ግርማ መሃል። እትዬ ጽጌ ፊሽካቸውን ቤት ትተው፣ ጥቁር ባለ ተረከዝ ጫማ አድርገው መጥተዋል። ያ ጫማ ሲራመዱ ሌላ ሰው አደረጋቸው። ማስተማር ጀመሩ፤ አምሮ፣ ተሰናድቶ፣ ያለማቋረጥ። ከቀድሞዎቹ አስተማሪዎች ሁሉ የተሻለ ንግግር ነበር፤ እንደነሱ ግን ልጆቹን ገደላቸው። አየሩ ሞቃት ነበር። ያ የማውቀው መስመጥ ከኋላ ረድፍ ጀምሮ ወደ ፊት መጣ። ቤተል እኔን አየችኝ፤ ምነው ዝም ትላለህ የሚል ዓይን ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንኳ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወርዷል።

ጊዜው ሲደርስ ጋሽ ግርማ ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ልጆቹ የሸመደዱትን እንዳያነቡ ከታች ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ገንጥለው ያመጡት ነው፤ ምዕመናን መኪናቸውን የጎረቤት በር ላይ እንዳያቆሙ የሚያሳስብ። ረድፉን በዓይናቸው ቃኙና ረጅሙን ልጅ መረጡ። ሳሚ ተነሳ። ወረቀቱን ተቀበላቸው። የመጀመሪያውን ቃል አነበበ። ሁለተኛውን ጀመረ፤ ድምፁ ጠፋ። እንደገና ከመጀመሪያው። ጠፋ። «አይ ካንት፣ ኮች» አለ፤ ቀስ ብሎ። ጋሽ ግርማ መነጽራቸውን አውልቀው ማጠፍ ጀመሩ። ሁላችንም ምን ማለት እንደሆነ ገባን፤ ክፍሉ ሄደ።

እትዬ ጽጌ ጫማቸውን አወለቁ። ሁለቱንም፣ ሽማግሌዎቹ ፊት። ጫማዎቹን ግድግዳው ሥር አስቀምጠው ተመለሱና በጋሽ ግርማ ፊት ቆሙ።

«አባቶች፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ተነሱልኝ» አሉ።

ማንም አልተነሳም። ያን የመሰለ ጥያቄ በዚያ ሕንፃ ተጠይቆ አያውቅም፤ በኛ ዘንድ ልጅ ነው ለሽማግሌ የሚነሳው። ጋሽ ግርማ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለምንድነው የምንነሳው እህት ጽጌ አሉ።

«እናንተ ቁጭ ብላችሁ እነሱ አይጫወቱም። በሥርዓት አሳድገናቸዋል» አሉ እትዬ ጽጌ። «ሁለት ደቂቃ ነው የምለምነው። ከዚያ ክፍሉን ውሰዱት።»

እንቅልፍ ይዟቸው የነበሩት ሽማግሌ ቀድመው ተነሱ፤ የት እንዳሉ ገና የገባቸው አልመሰለኝም። ሁለተኛው ተከተሉ። ጋሽ ግርማ የመጨረሻ ሆነው፣ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ኮታቸውን ቆልፈው ተነሱ። እትዬ ጽጌ ሁሉንም ሁለት ሁለት አድርገው ፊት ለፊት አቆሙ። አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው እንደ መስተዋት ይከተለዋል፤ መናገር የለም። ከማን ጋር እንዳጣመሩኝ ይታወቃል፤ ከቤተል ጋር። ሳሚን ደግሞ ወስደው ጋሽ ግርማ ፊት አቆሙት። «መሪው ሳሚ ነው» አሉ።

ሳሚ ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ቀኝ እጁን ቀስ አድርጎ አነሳ። ጋሽ ግርማ አንድ አፍታ አመነቱና የኮታቸውን እጅጌ ሰብሰብ አድርገው አነሱ። ሳሚ ጆሮውን ያዘ፤ ጋሽ ግርማ ጆሯቸውን ያዙ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን ሊውጥ ሲታገል ተሰማ። ሳሚ አንድ እግሩን ማንሳት ጀመረ፤ የሽማግሌው ጉልበት እንደተያዘ ሲያይ እግሩን ሳይጨርስ መልሶ አወረደውና በምትኩ አፍንጫውን ነካ። ጋሽ ግርማ ያንን አዩ፤ እኔም አየሁ። አፍንጫቸውን ነኩ። ሳሚ ጉንጩን ነፋ። የሰባ ዓመቱ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ጉንጫቸውን ነፉ፤ ያኔ ክፍሉ ተለቀቀ። ልጆቹ ሳቁ፣ ሽማግሌዎቹ ሳቁ፣ ቤተል ትከሻዬ ላይ ተደፍታ ሳቀች። እንዲህ ያለ ደስታ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰምቶኝ ያውቃል ብል እዋሻለሁ።

እትዬ ጽጌ አጨበጨቡ። ሁሉም ተቀመጠ። ሳሚ ግን አልተቀመጠም፤ ወረቀቱን ከጠረጴዛው አነሳ። ማንም አልጠየቀውም። «የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች» ብሎ ጀመረ። ድምፁ ጎርናና ነው፣ ቀስ ይላል፣ አንዳንዱ ቃል ላይ እንደ ተሰበረ ደረጃ ጥንቃቄ ያደርጋል። መኪናችሁን በጎረቤቶቻችን በር ፊት ለፊት እንዳታቆሙ ብሎ አነበበ። የቆሻሻ መኪናውን መንገድ እንዳትዘጉ ብሎ አነበበ። መኪናው ቢጎተት ቤተ ክርስቲያኒቱ ኃላፊነት እንደማትወስድ እስከ መጨረሻው ነጥብ አነበበና ቀና አለ። ጋሽ ግርማ መነጽራቸውን ገና አላጠለቁም ነበር፤ በመሐረብ ዓይናቸውን ይጠርጉ ነበር። በመኪና ማቆሚያ ማስታወቂያ የሚያለቅስ ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ሁሉም ማንበብ ፈለገ። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ስለ ቆሻሻ መኪናው ስንት ጊዜ እንደሰማን አላውቅም። ሽማግሌዎቹ ውሳኔውን ለመናገር ወደ ታች እንኳ አልወረዱም፤ ክፍሉ ይቀጥላል አሉ፣ ልጆቹም በካልሲ ሳይሆን በሹክሹክታ ሳይሆን ጮኹ። ታች ማንም ስላልነበረ ማንም አልሸሸም።

ልጆቹ ወጥተው ወንበር ስሰበስብ ጋሽ ግርማ በር ላይ ቀርተው ነበር። እትዬ ጽጌ ጫማቸውን እያደረጉ ነው። እኔ እዚያ እንዳለሁ የረሱ መሰለኝ።

«ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ፣ ሳን ሆዜ። ሲደውሉልኝ በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔም የምመልሰው አጥቼ እዘጋለሁ» አሉ ጋሽ ግርማ። የሕንፃውን ቁልፍ በእጃቸው አገላበጡ። «አማርኛ ላስተምራቸው ብዬ በየማታው እታገል ነበር፣ ልጆች ሳሉ። ሳስበው ግን ቁጭ በሉ ከማለት ሌላ ያልኳቸው ነገር የለም።»

እትዬ ጽጌ ጫማቸውን አጥልቀው ቀና አሉ። አልመከሩም፣ አላጽናኑም።

«ሳን ሆዜ እኮ ቅርብ ነው፣ ጋሽ ግርማ» አሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ክፍሉን የከፈትኩት በጋሽ ግርማ ቁልፍ ነው። እሳቸው ሳን ሆዜ ሄደው ነበር።